ደረት ላይ የተጻፈ ስድብ፦ ጎዳና ላይ የሚታለፈው በር ላይ ለምን ይከለከላል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ስድስተኛው ወረዳ የሚባለው፣ ስለ አንድ ሹራብ ፈረደ። ሚሺጋን ውስጥ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች «ሌትስ ጎ ብራንደን» የሚል ሹራብ ለብሰው ትምህርት ቤት ሲገኙ ኃላፊዎቹ እንዲያወልቁ አዘዟቸው። ጽሑፉ እንዳለ ሲነበብ ብራንደን የሚባል ሰው «በርታ» ከመባሉ ሌላ ነገር የለበትም። ነገር ግን ከ2021 መጨረሻ ወራት ጀምሮ ሐረጉ በጊዜው ፕሬዚዳንት በነበሩት ጆ ባይደን ላይ የሚወረወር የብልግና ስድብ መሸፈኛ ሆኗል፤ ለባሹም አንባቢውም ይህን ያውቃሉ። ፍርድ ቤቱ በሁለት ለአንድ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ወሰነ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር እኛም ዘንድ ክርክሩ በሁለት ቃላት ይታጠራል። አንዱ ወገን «መብት ነው» ይላል፣ ሌላው «ነውር ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የማይገናኙት ስለ ተለያየ ቦታ ስለሚያወሩ ነው። በልብስ ላይ የሰፈረ ጸያፍ ጽሑፍ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ጥያቄ ቃሉን ብቻ አይቶ መመለስ አይቻልም። ቦታው የማን ነው? ጽሑፉ ያነጣጠረው በማን ላይ ነው? ማየት የማይፈልግ ሰው ዞር የሚልበት መንገድ አለው ወይ? ጉዳዩን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ከኢትዮጵያ አንጻር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ለባሹ የለበሰውን ማንበብ ችሏል ወይ?

አንድ ጃኬት፣ አንድ በር

በአሜሪካ የዚህ ክርክር ሁሉ መነሻ የኮኸን ጉዳይ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1968 ፖል ሮበርት ኮኸን የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር ውስጥ ይሄድ ነበር። የለበሰው ጃኬት ላይ ለቬትናም ጦርነት የሚደረገውን የግዳጅ ምልመላ በኤፍ በሚጀምረው የታወቀ የእንግሊዝኛ ጸያፍ ቃል የሚሳደብ ጽሑፍ ነበረበት። ኮሪደሩ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወጣቱ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ማንንም አላስፈራራም።

ወደ ችሎት ሲገባ ጃኬቱን አወለቀና አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። አንድ ፖሊስ ለዳኛው ማስታወሻ ልኮ ወጣቱ ችሎት በመድፈር እንዲጠየቅ ሐሳብ ቢያቀርብም ዳኛው ሳይቀበሉት ቀሩ። ፖሊሱ ኮኸን እስኪወጣ ጠብቆ ኮሪደሩ ላይ ያዘው። ክሱ በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 415 መሠረት በሚያስከፋ ድርጊት የሰውን ሰላም ማወክ የሚል ነበር፤ 30 ቀን እስራት ተፈረደበት።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ጁን 7 ቀን 1971 በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱ ተሻረ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ጃኬቱን በየዓይነቱ ክልከላ መዝነው አንዱም አልገጠመም አሉ። በሕግ «ኦብሲን» የሚባለው፣ ማለትም የወሲብ ስሜት ለመቀስቀስ የሚሠራ ልቅ ነገር፣ ጃኬቱ ላይ የለም፤ ምልመላን መሳደብ ማንንም ለወሲብ አያነሳሳም። ከ1942ቱ የቻፕሊንስኪ ውሳኔ ጀምሮ ጥበቃ የማያገኘው «የጠብ ቃል»፣ ማለትም ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ተወርውሮ ወዲያው ቡጢ የሚያማዝዝ ስድብ፣ እዚህ አልነበረም፤ ጽሑፉ በማንም መንገደኛ ላይ አላነጣጠረም። በኮሪደሩ ያለፉት ሰዎችም ካስከፋቸው ዓይናቸውን መመለስ ይችሉ ነበር። መንግሥት የትኛው ቃል ከመጠን በላይ እንደሚያስከፋ የመምረጥ ሥልጣን ከተሰጠው ቃሉን እየከለከለ ሐሳቡንም መከልከል ይጀምራል፤ የውሳኔው እምብርት ይህ ነው።

በተቃውሞ የቆሙት ዳኛ ብላክመን ድርጊቱን ከንግግር ይልቅ የልጅነት አጉል ሥራ አድርገው አዩት። ይህ አመለካከት ዛሬም ብዙ ደጋፊ አለው፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። ዓይን የሚመለሰው ካነበበ በኋላ ነው፤ በተለይ ፊደል ለይቶ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ማንበብ በጀመረ ሕፃን ዘንድ «አትይ» የሚባለው ምክር ዘግይቶ ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ የአብላጫው ምክንያት ሚዛን ይደፋል። የመንገድ ላይ ፖሊስ የቃላት ሳንሱር እንዲሆን መፍቀድ አንድ ጸያፍ ጃኬት ከሚያደርሰው ቅሬታ በብዙ የሚበልጥ ጉዳት አለው፤ በመጀመሪያ የሚታሰሩትም ባለሥልጣን የሚነቅፉ ቃላት የለበሱት ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ኮኸን ጃኬቱን ችሎት ውስጥ ማውለቁ ነው። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ስለ ኮሪደሩ ነው፤ ችሎቱ የራሱ ሥርዓት እንዳለው ማንም አልተከራከረም። ጃኬቱም ለባሹም ቃሉም ያው ሆነው ሳለ በአንድ በር ልዩነት መልሱ ተቀየረ።

ዞር ማለት የማይቻልበት ቦታ

የሕግ ሰዎች ማምለጫ የሌለው ተመልካች የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ ይጀምራል። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ከፊቱ ያለውን ጀርባ ለ45 ደቂቃ ያነባል። አውሮፕላን ውስጥ መቀመጫ መቀየር አይቻልም። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው የተቀመጡ ሰዎች የት ይመለከታሉ?

በትምህርት ቤት ረገድ ሁለት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የ1969ኙ የቲንከር ውሳኔ ጥቁር ክንድ ማሰሪያ አድርገው የቬትናምን ጦርነት ለተቃወሙ ተማሪዎች ፈርዶ፣ ትምህርቱን በእጅጉ እስካላወከ ድረስ ሐሳብን መግለጽ ይቻላል አለ። የ1986ቱ የፍሬዘር ውሳኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ጸያፍና ልቅ አነጋገርን፣ ረብሻ ባያስነሳም እንኳ፣ ሊከለክል ይችላል አለ። ችግሩ የሚመጣው ድርብ ትርጉም ያለው ጽሑፍ ሲያጋጥም ነው። በ2013 ፔንሲልቬኒያን የሚያካትተው ሦስተኛው ወረዳ የጡት ካንሰርን ለማሳወቅ በድፍረት ቃል የተጻፈባቸውን የእጅ አምባሮች ተማሪዎቹ ማድረግ ይችላሉ ብሎ ፈረደ፤ ምክንያቱም ቃሉ ሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፣ ማኅበራዊ ቁም ነገርም ይዟል። ስድስተኛው ወረዳ በሹራቡ ጉዳይ የሄደበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሽፋኑ ቀጭን ከሆነና ከበስተጀርባው ያለው ብልግና ለሁሉም ግልጽ ከሆነ ፖለቲካዊነቱ አያድነውም።

አሜሪካ ለሚኖሩ አበሻ ወላጆች የዚህ ተግባራዊ ትርጉም ቀላል አይደለም። ስድስተኛው ወረዳ ሚሺጋንን፣ ኦሃዮን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን ይሸፍናል። ኮሎምበስ ወይም ናሽቪል የሚማር ልጅ ላይ የሚሠራው መመዘኛ ፊላደልፊያ ከሚማረው የአጎቱ ልጅ ይለያል። ጸያፍ ያልሆነ ነገር ግን ሌሎችን የሚነካ ጽሑፍም ሌላ ሙግት ነው። «ጾታ ሁለት ብቻ ነው» የሚል ቲሸርት የለበሰ የማሳቹሴትስ ተማሪ በ2024 በአንደኛው ወረዳ ተረትቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሜይ 2025 ጉዳዩን አላይም ብሏል።

የግል ድርጅት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የመናገር ነፃነትን የሚያስከብረው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ብቻ ነው፤ ሬስቶራንት፣ የገበያ ማዕከል ወይም አየር መንገድ የራሱን ደንብ ያወጣል። ስፒሪት አየር መንገድ በጃንዋሪ 2025 የጉዞ ውሉን ሲያሻሽል ልቅ፣ ጸያፍ ወይም አስነዋሪ ልብስ የለበሰን፣ ንቅሳትንም ጨምሮ፣ ሊከለክል እንደሚችል ጽፏል። አሜሪካን አየር መንገድም የሚያስከፋ ልብስ አይፈቀድም ይላል። መንገደኛ ቲኬት ሲገዛ በዚህ ውል ተስማምቷል፤ ስለዚህ በር ላይ «የመናገር መብቴ» ብሎ መከራከር ውሉን አይለውጠውም። የሚያዋጣው ሠራተኛው ሲጠይቅ ቲሸርቱን ገልብጦ መልበስ ወይም ጃኬት ደርቦ ዚፑን መዝጋት ነው።

በሥራ ቦታ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር መልእክት የተለየ ጥበቃ ቢኖረውም እሱም ገደብ አለው። በኮኔቲከት የስልክ ቴክኒሻኖች ፊቱ ላይ «እስረኛ» የሚል፣ ጀርባው ላይ ኩባንያውን የሚነካ ቲሸርት ለብሰው የደንበኞች ቤት ለመግባት ሲነሱ ኩባንያው ከለከላቸው፤ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 ኩባንያውን ደገፈ። በሩን የሚከፍተው ደንበኛ የሚያየው «እስረኛ» የሚለውን ቃል እንጂ የማኅበሩን ድርድር አይደለም።

አውሮፓ፦ ስድቡ በማን ላይ ነው?

የጀርመን ሕግ ሰውን መስደብን ራሱን ወንጀል ያደርጋል። በመሆኑም ፖሊሶችን በጅምላ የሚሳደበው «ኤ ሲ ኤ ቢ» የሚለው ምህጻር ሲያከራክር ኖሯል። አንድ የእግር ኳስ ደጋፊ ፊደላቱ መቀመጫው ላይ የታተሙበት ሱሪ ለብሶ ስታዲየም በመገኘቱ ተቀጥቶ ነበር። የፌዴራሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሜይ 2016 ቅጣቱን አነሳ። በቦታው ፖሊስ መኖሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ለባሹ ተለይተው በሚታወቁ ፖሊሶች ላይ ሆን ብሎ ማነጣጠሩ መታየት አለበት። በጅምላ ሲታይ ሐሳብ ነው፣ የቆሙት ፖሊሶች ፊት ሄዶ ሲታይ ግን ስድብ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝና ዌልስ በ1986 የወጣው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 5 አላቸው። የሚያስፈራራ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍን ሊጎዳው በሚችል ሰው ዕይታ ውስጥ ማሳየት ያስቀጣል። ቀድሞ «የሚሳደብ» የሚለውም ቃል ነበረበት፤ ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ ወጥቷል። እንዲያውም ከኮኸን ጃኬት ይልቅ የሰውን ልብ የሚያደማው ጸያፍ ፊደል የሌለበት ጽሑፍ እንደሆነ የሚያሳየው የእንግሊዝ ጉዳይ ነው። በ2023 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ አንድ ሰው ጀርባው ላይ 97 ቁጥርና «አይበቃም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ማሊያ ለብሶ ታየ። 97 በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ የሞቱ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ቁጥር ነው። አንድም ጸያፍ ቃል አልነበረበትም፤ ሰውየው ግን ጥፋቱን አምኖ 1000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ለአራት ዓመት ከስታዲየም ታገደ። የሟች ወላጅ ያንን ጀርባ ሲያይ የሚሰማው ተራ የብልግና ቃል ከሚያሳፍረው ጋር አይወዳደርም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች

እዚያ ጎዳናውም ራሱ ደንብ አለው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2019 ባወጣችው የሕዝብ ጨዋነት ደንብ ጨዋነትን የሚነካ ሥዕል፣ ምልክት ወይም ጽሑፍ ያለበትን ልብስ ለብሶ በሕዝብ ቦታ መታየት ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ 5000 ሪያል ይደርሳል፣ በዓመት ውስጥ ከተደገመ እጥፍ ይሆናል። የዱባይ የሥነ ምግባር መመሪያም ጸያፍ ወይም የሚያስከፋ ሥዕልና ጽሑፍ በልብስ ላይ እንዳይታይ ያዛል። ለሥራ ለሚሄዱ ወገኖች ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪ እጅ ላለ ሰው ከፖሊስ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ነገር ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ሻንጣ ሲዘጋጅ እያንዳንዱን ቲሸርት ዘርግቶ ማየት ከፓስፖርቱ ፎቶ ኮፒ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

ቲሸርት ላይ የተጻፈን ጸያፍ ቃል በስም ጠርቶ የሚከለክል ድንጋጌ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በኅትመት፣ በሥነ ጥበብ ወይም በተመረጠ በማናቸውም መንገድ የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል። ገደብ ሊጣል የሚችለው የወጣቶችን ደህንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ እንደሆነም ያው አንቀጽ ይናገራል። የሰውን ሰብአዊ ክብር የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችንም በሕግ ያስከለክላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ልቅና ጸያፍ ጽሑፎችን፣ ሥዕሎችን ወይም ሌሎች ዕቃዎችን መሥራትን፣ ማስገባትን፣ ለሕዝብ ማሳየትንና መሸጥን ይመለከታል። እንግዲህ በመርህ ደረጃ ከለባሹ በፊት አታሚውና ነጋዴው ይጠየቃሉ። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ የጥላቻ መልእክትን በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትን እስከ ሁለት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ቲሸርት «ኅትመት» ነው ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ለብሶ የተነሱት ፎቶ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ሲለጠፍ ግን ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የወንጀል ሕጉ አጠቃላይ መርህ ነው። ሰው የሚቀጣው አስቦ ባደረገው ነገር ነው፤ በቸልተኝነት የሚቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ስድብ የለበሰ የቀን ሠራተኛ ይህን ሐሳብ አልነበረውም። በእርሱ ላይ መሳቅም ሆነ ፎቶውን አንስቶ ማሰራጨት ከጽሑፉ የባሰ ነውር ነው።

ከቦንዳ የሚወጣ ጽሑፍ

ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ሳልቫጅ በኮንትሮባንድ እየገባ በየገበያው ይሸጣል። ልብሱ አውሮፓና አሜሪካ ከሚሰበሰብበት ሣጥን ተነስቶ መለያ መጋዘን ይደርሳል። እዚያ ሠራተኞች በዓይነት፣ በወቅትና በይዞታ ይለዩታል፤ የወንድ ቲሸርት ለብቻ፣ የሕፃን ለብቻ፣ ያልተቀደደው ለብቻ። ከዚያ በማሽን ተጠፍጥፎ ብዙውን ጊዜ 45 ኪሎ በሚመዝን ቦንዳ ይታሰራል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው የለም፤ አንድን ልብስ ለመለየት ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ለቀልድ የታተሙ ቲሸርቶች በብዛት የሚገኙበትም ምክንያት አለ። ለወንደላጤ ስንብት ድግስ ወይም ለቢራ ፌስቲቫል ተብሎ የታተመ ቲሸርት አንድ ቀን ተለብሶ ይጣላል። ሌላ ቀን ቢለብሱት ያሳፍራል። አልነተበምና ሲለይ አንደኛ ደረጃ ያገኛል። ስለዚህ ገበያ ላይ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠው አዲስ መሳይ ቲሸርት በትክክል የባለጌ ጽሑፍ ያለበት ሊሆን ይችላል። ገዢ የሚያየው ጨርቁን፣ ስፌቱንና ቀለሙን ነው። እናት ለልጇ የምትመርጠው ሮዝ ቲሸርት ላይ ለአዋቂ ሴት የታሰበ የማሽኮርመም ቃል ቢኖር በምን ታውቀዋለች?

አገር ውስጥ የሚታተመው ሌላ ነገር ነው። ለምርቃት፣ ለሚዜ፣ ለእግር ኳስ ቡድን ቲሸርት የሚያትሙ ቤቶች በየሠፈሩ ተከፍተዋል፤ በአራዳ ቋንቋ የተጻፈ ሽሙጥም በትዕዛዝ ይታተማል። በአማርኛ የተጻፈን ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሁሉ ያነበዋል፤ አያትም ሕፃንም። እዚህ ላይ «አላወቅሁም» የሚባል ነገር የለም፤ አታሚውም ጽሑፉን ከለባሹ ቀድሞ ያነበበ ሰው ነውና ሰውን፣ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን በስም የሚነካ ትዕዛዝ ሲመጣለት አልሠራም ማለት ይገባዋል።

ከመግዛት በፊት ማንበብ

ደረቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ጀርባ፣ እጅጌ፣ ከአንገት ሥር፣ የታችኛው ጠርዝ፣ የባርኔጣ ጥላ ውስጡ፣ የካልሲ መርገጫ ሁሉ ጽሑፍ ይይዛሉ። በስልክ የሚያስተረጉም ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ወጥሮ ዘርግቶ ፎቶ ያንሳ፤ የተሸበሸበ ጨርቅ ፊደል ስለሚቆርጥ ጉግል ሌንስ የሌለ ቃል ፈጥሮ ያነባል። ያጌጠ የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፊደልንም ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ያን ጊዜ ፊደሉን አንድ በአንድ ጽፎ መፈለግ ይሻላል።

ትርጉሙ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣም ጉዳዩ አላለቀም። «ሌትስ ጎ ብራንደን»ን ማሽን ሲተረጉመው የማበረታቻ ቃል ነው። ሆን ተብሎ ፊደላቸው የተዘበራረቀ ቃላትም አሉ፤ «ኤፍ ሲ ዩ ኬ» በሚለው የፍሬንች ኮኔክሽን የንግድ ምልክት የተሸጡት ልብሶች የታወቁት በዚህ ነው። ቁጥርም መልእክት ይሆናል። 88 በናዚ አምላኪዎች ዘንድ የሂትለር ሰላምታ ምህጻር ነው፤ ስምንተኛው የላቲን ፊደል ሁለት ጊዜ ማለት ነው። አዲዳስ በ2024 የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ላይ 44 ቁጥርን ማዘዝ ያቆመው በአጻጻፉ የናዚን የኤስኤስ ምልክት ስለመሰለ ነው። በእርግጥ 88 የልደት ዓመት ወይም የተጫዋች ቁጥር ብቻም ሊሆን ይችላል፤ ከጎቲክ ፊደል፣ ከንስር ወይም ከጦር ምልክት ጋር ሲመጣ ነው መጠርጠር ያለበት።

ጽሑፉን ማጥፋት ወይም መሸፈን

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው በረኪና ነው፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በረኪና የጥጡን ቀለም ያነጣል፣ ከላይ የተቀመጠውን የኅትመት ቀለም ግን አይነካም፤ ስለዚህ ፊደሉ ከበፊቱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል።

መጀመሪያ የኅትመቱን ዓይነት በጣት መለየት ያስፈልጋል። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል፣ ወጥ የሆነ ስስ ፕላስቲክ ከሆነ በሙቀት የተለጠፈ ቪኒል ነው። ይህ የተለጠፈው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ባለ ሙቀት ስለሆነ በዚያው ሙቀት ይለቃል፤ የመጋገሪያ ወረቀት ደርቦ ካውያውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ማሳረፍና ትኩስ እንዳለ ከማዕዘኑ በወረንጦ መሳብ ነው። ከቀዘቀዘ ተመልሶ ይይዛል። ፖሊስተር ከሆነ ካውያውን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ መሞከር ይሻላል፤ አለዚያ ጨርቁ ይብለጨለጫል ወይም ይቀልጣል። ጎማ የሚመስልና ሲለጠጥ የሚሰነጣጠቀው በስክሪን የታተመ ፕላስቲሶል ነው፤ እሱ ክሩ ውስጥ ገብቶ ስለበሰለ ካውያ ያላቁጠዋል እንጂ አያነሳውም። ሲዳሰስ ምንም የማይታወቀው ደግሞ ጨርቁ ራሱ የተቀለመበት ነውና አይወጣም።

ቪኒሉ በደንብ ቢነሳም አንድ ችግር ይቀራል። ከሥሩ የነበረው ጨርቅ ከፀሐይና ከአጠባ ተከልሎ ስለቆየ አልደበዘዘም፤ በዙሪያው ያለው ደብዝዟል። ስለዚህ ቃሉ በጥላ መልክ ይነበባል። አሮጌ ቲሸርት ከሆነ ማንሳቱን ትቶ በቀጥታ መሸፈን ይሻላል።

ለመሸፈን ጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ካልታጠበ በኋላ ተሰብስቦ ቲሸርቱን ያጨማድደዋል። ከጽሑፉ በየአቅጣጫው ሁለት ሴንቲሜትር አስፍቶ መቁረጥ፣ አንዱን ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት። ቲሸርት የሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ቀጥ ያለ ስፌት ሲለበስ ይበጠሳል፤ ልብስ ሰፊው ዚግዛግ እንዲያደርግለት መንገር ነው። ነጭ ስስ ጨርቅ ከጥቁር ፊደል በላይ ከሆነ ስለሚያሳይ ሁለት ድርብ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ይሁን። ማርከር መቀባት አይመከርም፤ ቀለሙ ሲታጠብ ይሄዳል፣ ጎማው ፊደል ግን እንደተነፋ ይቀራል። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ገልብጦ መልበስ ይበቃል፤ ስስ ነጭ ቲሸርት ላይ ግን ፊደሉ ተገልብጦ ያሳያል።

ደንብ የሚያወጡ ተቋማት የሚሳሳቱበት

ዩኒቨርሲቲዎች፣ መሥሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች «ከባህል ውጭ የሆነ ልብስ» ወይም «ነውረኛ አለባበስ» ክልክል ነው ብለው በር ላይ ሲለጥፉ ውሳኔውን ለጥበቃ ሠራተኛው አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ጥበቃው እንግሊዝኛ ካላነበበ ጸያፉ ጽሑፍ ያልፋል፤ የሴት ልጅ ቀሚስ ግን ማንም ስለሚያየው እሷ ትመለሳለች። ደንቡ ጽሑፍን ይከለክላል ተብሎ በተግባር የሚከለክለው የሴቶችን ገላ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የሚኒሶታን ደንብ የሻረው በተመሳሳይ ድክመት ነበር፤ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ «ፖለቲካዊ» ልብስ ክልክል ነው ይላል እንጂ የትኛው ፖለቲካዊ እንደሆነ ለይቶ አይናገርም፤ ክልከላው ግልጽ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር።

የሚሠራ ደንብ ነገሩን በስሙ ይጠራል፦ በማናቸውም ቋንቋ የተጻፈ የብልግና ቃል፣ የወሲብ ሥዕል፣ ሰውን ወይም ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚያዋርድ ጽሑፍ። ፖለቲካዊ አስተያየትን ከዚህ ውስጥ አይጨምርም። ከርዝመትና ከጥበት ጋርም አይቀላቅለውም። የሚያጠራጥር ሲያጋጥም ጥበቃው ራሱ እንዳይወስን ተረኛ ኃላፊ ይመደባል፤ በር ላይም ሁለት ሦስት ነጠላ ወይም ጋቢ ቢቀመጥ ደርቦ መግባት ይቻላል። በተለይ በፈተና ቀን ተማሪን በቲሸርት ምክንያት መመለስ ዓመቱን ሊያሳጣው ይችላል፤ ገልብጦ ይልበስና ይግባ፣ ጉዳዩ ከፈተናው በኋላ ይታያል።